ስምንት ቀዳዳ ያለው ብረት

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርሁም። እሳቸው ዘንድ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን ወስጃለሁ፤ ይህን ግን እቤት ትቼው እሄድ ነበር። ለልጆቼም አልተናገርሁም። ይህን የምታነብ ሰው፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ። ማን እንደሆንህ አላውቅም፤ ባላውቅህም ይሻላል። የማውቀውን ሰው ዓይን እያየሁ ባወራው ኖሮ፣ እንደ ልማዴ ነገሩን ጠምዝዤ ጠምዝዤ ራሴን የማሞግስበት አደርገው ነበር።

ሰው መሞቱን አወቅሁ፤ ዝም አልሁ። ይጠብቁት የነበሩ እናትና አባት ነበሩት፤ የት እንደሚኖሩም አውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ። ኃጢአቴ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ እዚህ ድረስ የመጣሁበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንሁ ልንገርህ፤ ያለዚያ አይገባህም። ስሜ ይርጋ ነው። ጎንደር፣ ቁስቋም፣ ዳገቱ ሥር አንዲት የጥገና ቤት አለችኝ። የአስኳላ ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ መምህሬ የተሰበረ ዕቃ ነው። ሰዓት ፈትቼ ሰዓት ተማርሁ፣ ሬዲዮ ፈትቼ ሬዲዮ ተማርሁ። የስፌት ማኪና፣ ሚዛን፣ የውሃ ፓምፕ፣ ጄነሬተር፣ እጄ ላይ ወድቆ ሳይነሣ የቀረ የለም። እንግሊዝኛ ማንበብ የለመድሁት ከመድኃኒት ብልቃጥና ከባትሪ ጀርባ ነው። ዲግሪ የያዙ ሦስት ልጆች ሁለት ቀን የታገሉትን ሞተር በግማሽ ቀን አስነሥቼ፣ ሦስቱም አጨብጭበውልኛል። እይ! ለኑዛዜ ተቀምጬም ደረቴ ይነፋል። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለኛል። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ይህንንም እንደ ጀብዱ ሳወራው ኖሬያለሁ።

ፈንታሁን የሚባል የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ አለ፤ አርባ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው። ዐረብ አገር ሠርቶ ሲመለስ የብረት መፈለጊያ ማሽን ይዞ መጣ። ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው ወርቅ አለ ይባላል፤ ሌላው በልቡ የያዘውን ተስፋ እሱ በአደባባይ ተሸክሞት ይዞራል። ማሽኑ ጢጢ ባለ ቁጥር ይቆፍራል፣ ያገኘውን በፌስታል ቋጥሮ ወደ እኔ ያመጣል። ቀለህ፣ የልጓም ስባሪ፣ የወታደር ካፖርት ቁልፍ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ። እኔ አንድ ጊዜ አየት አድርጌ ምን እንደሆነ እነግረዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልሳሳትም ነበር። ዛሬ ይህን የሚያስጽፈኝም ያው ነው፤ አንድ ሁለቴ ተሳስቼ ያፈርሁ ሰው ብሆን ጥንቃቄ እማር ነበር።

አንድ ኅዳር «ጋሽ ይርጋ፣ ዛሬስ ከኔ ጋር ይሂዱ» ብሎ ወሰደኝ። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ሄድን። ገደል አፋፍ ላይ አንድ መንደር አለ፤ ከገደሉ ሥር ክረምት ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ። ጣሊያን በዚያ አልፏል ተብሎ ነው። እስከ እኩለ ቀን አንድ የዛገ ማረሻና ሦስት ሚስማር አገኘን። ከዚያ አሸዋው ላይ ማሽኑ ጮኸ።

«ስሙት ጋሼ! ይሄ ቆርቆሮ አይደለም» አለና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

«ወርቅ እንዲህ አይጮህም።»

«ወርቅ ሲጮህ መቼ ሰምተው ያውቃሉ?»

«እኔ ያልሰማሁት ምን አለ?» አልሁት። እንዲህ ነበርሁ።

ክንድ የማይሞላ ቆፈርን። የወጣው ስንዝር የሚሆን፣ የጣት ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ በውስጥ በኩል እንደ ሸክላ ስባሪ ጎበጥ ያለ። ስምንት ቀዳዳ አለው። በስድስቱ ውስጥ ብሎን ገብቶባቸዋል። ዝገት የሚባል የለበትም። በጎበጠው በኩልና በብሎኖቹ ጥርስ መካከል ነጭ ነገር ተጣብቆበታል፤ ደረቅ፣ ፍርፍር የሚል።

«ምንድን ነው?» አለ ፈንታሁን።

አላወቅሁትም። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር። «አላውቅም» ብል ምን እሆን ነበር? ሰማይ አይወድቅብኝ። ወንዝ ዳር ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። ግን ፈንታሁን እየጠበቀኝ ነው፤ እኔም ነጩን ነገር አየሁት። የጎንደር ልጅ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የነገሥታቱ ግንብ ሥር ተቀምጬ ኖራ ሲፈረፈር አይቻለሁ፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለ ነጭ ነገር ሁሉ ለዓይኔ ኖራ ነው።

«ኖራ ነው» አልሁት። «ይህ የግንብ ማያያዣ ነው። የነገሥታቱ ግንበኞች ድንጋይ ከድንጋይ ያሰሩበት። ዝገት እንዳልነካው አታይም? የማይዝግ ብረት ያቀልጡ ነበር፤ ምስጢሩ ከነሱ ጋር ጠፋ።»

«እዚህ ገደል ውስጥ ግንብ አለ እንዴ?»

«ድልድይ ይሆናላ! ወንዝ አይደለም?»

ይህን ያህል ፈጥኖ መልስ የሚመጣለት ሰው ነበርሁ። ዓይኔ ግን አይቶ ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽህም። የብሎኖቹ አናት ላይ ያለው ጉድጓድ ስድስት ጎን ነበር። እንዲህ ያለ ብሎን በማሽን እንጂ በመዶሻ እንደማይሠራ፣ በነገሥታቱ ዘመን እንዳልነበረ፣ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ከጫፉ አጠገብ ደቃቅ ቁጥር ተቀርጿል፤ እሱንም አየሁት። አየሁና «የአንጥረኛው ምልክት» አልሁት። ዓይኔ የነገረኝን አፌ ገፍቶ ጣለው።

ፈንታሁን ወርቅ ስላልሆነ ናቀው። «ለርስዎ ይሁን» አለኝ። በኮቴ ኪስ ውስጥ ጨመርሁት።

ወደ መንደሩ ስንወጣ አንዲት እናት መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። እመት የሺ ይሏታል። ባሏ አያ ምትኩ ዱላውን ተደግፎ ከኋላዋ ቆሟል።

«እንደምን ዋላችሁ እንግዶች» አለች። «በግራ እግሩ የሚያነክስ ሰው አላያችሁልኝም? አበጀ ይባላል። ልጄ ነው።»

ለሚያልፍ እንግዳ ሁሉ እንዲህ እንደምትል ፈንታሁን በኋላ ነገረኝ። ልጇ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ መተማ ሰሊጥ አጨዳ እወርዳለሁ ብሎ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ አልተመለሰም። ሱዳን ተሻግሯል የሚል አለ፤ እዚያው ቆላ ሚስት አግብቷል የሚል አለ። አያ ምትኩ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ቆላ ወርዶ ይፈልገዋል።

«ምነው ያነክሳል?» አልኋት።

«መኪና ገጨብኝ። ጎንደር ሐኪሞቹ ቅልጥሙ ውስጥ ብረት አስገብተው ጠገኑልኝ። አሁን ያ ብረት በዚያ ሐሩር ምን ያረግብኝ ይሆን እያልሁ ነው እንቅልፍ የማጣ።»

ብረቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስትናገር እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጣቴ ቀዳዳዎቹን ይቆጥር ነበር። ምንም አልተሰማኝም! የሐኪም ብረት ሲባል እኔ የማስበው ሽቦና መርፌ ነው። መቼም አይቼው የማላውቀውን ነገር፣ አይቼው እንደማላውቅ እንኳ አላሰብሁም። እንዲያውም ምን አልኋት መሰለህ?

«እመት፣ ስለ ብረቱ አያስቡ። ሥጋ ውስጥ የገባ ብረት በሁለት ዓመት ሟሙቶ ደም ይሆናል። እስካሁን ድኖ እንደ ሚዳቋ ይዘላል።»

ፊቷ በራ። «እሰይ! አየህ ምትኩ? የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ሸጋ ሰው!» አለች። አያ ምትኩ ግን ሳቅ አላለም። «ከዳነስ ምነው በእግሩ የማይመጣ?» አለ ቀስ ብሎ።

በየት በኩል እንደወጣ ብጠይቅ ኖሮ ጣቷን ወደ ገደሉ ትቀስር ነበር። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚያወጣው አቋራጭ በዚያ በገደሉ አፋፍ ነው፤ ልጇም በጨለማ የሄደው በዚያው ነው። አልጠየቅሁም። መጠየቅ ለማያውቅ ሰው ነው፤ እኔ አዋቂ ነኝ።

ቤቴ ገብቼ ብረቱን በቢላ ፋቅሁት። ይህን ደግሜ ልጻፈው፤ ፋቅሁት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ጥርሳቸውን በመርፌ አጸዳሁ። ነጩን ነገር በመዳፌ ላይ ሰበሰብሁና ደጄ ላይ ቆሜ እፍ አልሁት። የሰው አጥንት ነበር። የአንዲት እናት ልጅ ነበር። እፍ አልሁትና እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።

ከዚያ በቀይ ጨርቅ ላይ አድርጌ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልሁት። ደብተር ገዝቼ ስለ ነገሥታቱ የማይዝግ ብረት አሥራ አንድ ገጽ ጻፍሁ። ጎረቤት መጣ፣ ተማሪ መጣ፣ አንድ አስጎብኚ ፈረንጆች ይዞ መጣ። «ዩኒቨርሲቲ ያላገኘውን እኔ አገኘሁ» እል ነበር። ሰው በእጁ ሲነካው ቆጣ እላለሁ፤ ቅርስ ነዋ!

በሰኔ ጎረቤቴን ሐጂ ኑርሁሴንን ባጃጅ ገልብጦት እግሩ ተሰበረ። ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ፣ ከወጣትነታችን ጀምሮ ስንተራረብ የኖርን ወዳጄ ነው። ከሆስፒታል እንደወጣ በልጁ ትከሻ ተደግፎ፣ የራጅ ፎቶውን በብብቱ ይዞ መጣ። ራጅም አነባለሁ እል ነበርና።

«በል ኢንጂነሩ፣ ሐኪሞቹ ያዩትን ድገምልኝ» አለ።

ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቼ አየሁት። አጥንቱ መካከል፣ ነጭ ሆኖ፣ ጠፍጣፋ ብረት። ጎበጥ ያለ። ስምንት ቀዳዳ። ብሎኖች ከነጥርሳቸው።

«ምነው ዝም አልህ? ልሞት ነው እንዴ?» አለ ሐጂ። ከዚያ ዓይኑ ከፎቶው ወደ ግድግዳዬ ሄደ፣ ከግድግዳዬ ወደ ፎቶው ተመለሰ። ሳቁ ፈነዳ። «አላህ! ይኸ ያንተ የነገሥታት ብረት አይደለም እንዴ? እግሬ ውስጥ ግንብ ሠርተውልኛል! እንግዲህ እንደ ንጉሥ ግብር ልታገቡልኝ ነው!»

አብሬው ሳቅሁ። እምልልሃለሁ፣ ሳቅሁ። «ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፣ አንተ ምን ታውቃለህ» አልሁት። ፎቶውን መለስሁለትና ብረቱን በጀርባዬ ከልዬ ቆምሁ። ሐጂ አየው። ሳቁን አቋርጦ ትንሽ ተመለከተኝ፣ ግን ጨዋ ነው፤ «በል አርፍ፣ ደክሞሃል» ብሎ ወጣ።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ አላወቅሁም ማለት አልችልም። እስከዚያ ድረስ ያለው ትዕቢት ነው፤ ትዕቢት ሰው ሁሉ አለበት እያልሁ ራሴን ላጽናና እችል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ምን ይባላል? በግራ እግሩ የሚያነክስ ሰው። ቅልጥሙ ውስጥ ብረት ያለበት። ገደል ሥር፣ ጎርፍ በሚያልፍበት አሸዋ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ደመርሁት። መደመር አያቅተኝም፤ ኢንጂነሩ ነኝ።

ብረቱን ከግድግዳው አውርጄ ከሣጥን ግርጌ ቀበርሁት። ለጠየቀኝ ሰው «ለጥናት ልኬዋለሁ» አልሁ። ደግሞም አመኑኝ!

በማግሥቱ ወደ አምባ ጊዮርጊስ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድሁም። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው አልሁ። ምናልባት የሌላ ሰው ብረት ቢሆንስ አልሁ። ተስፋዋን ከምነጥቃት ብትጠብቅ ይሻላታል አልሁ። ይህኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ደግነት ይመስላል። እውነቱን ልንገርህ? እመት የሺን አልፈራሁም። የፈራሁት አስጎብኚውን፣ ተማሪዎቹን፣ አሥራ አንዱን ገጽ ነው። ቁስቋም ውስጥ ሰው እየተጠቃቀሰ «የሬሳ ብረት ሰቅሎ ቅርስ ነው አለን» እንዳይለኝ ነው። ለዚህ ስል አንዲት እናት መንገድ ዳር እንድትቆም ተውኋት።

መስከረም ላይ ፈንታሁን ማሽኑ ተበላሽቶበት መጣ። ሽቦው ተበጥሶ ነበር፤ ቀላል ነገር ነው። እየበየድሁለት ሳለ ወሬ አመጣ።

«ያ አያ ምትኩ ነገ ሊወርድ ነው። ዘንድሮ ከአንድ ሰሊጥ እርሻ ላይ የሚያነክስ ሰው አየሁ ያለው አለ። ሽማግሌው ቆርጧል። ተው፣ ወባው ዘንድሮ ክፉ ነው ብለውም እምቢ አለኝ።»

የመበየጃው ጭስ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፈንታሁን ሁለት ክንድ ርቆኝ ተቀምጧል። ስልክ በኪሱ አለ። «በለው አይውረድ፣ ልጁ ሞቷል፣ ብረቱ እኔ ዘንድ ነው» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እቆጥረዋለሁ። አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

«ሽቦው ሠርቷል፣ ሞክረው» አልሁት።

ሞከረው። ጮኸ። «እጅዎን ይባርከው» ብሎኝ ሄደ።

አያ ምትኩ ወረደ። ከእርሻ እርሻ እየዞረ ልጁን ሲጠይቅ ወባ ያዘው። ቆላ ሞቶ እዚያው ተቀበረ፤ ሬሳው እንኳ ደጋ አልወጣም። ወሬውን ያመጣልኝ ፈንታሁን ነው፣ በኅዳር። ሰማሁ። «ነፍስ ይማር» አልሁ። ከዚያም ዝም አልሁ! አንድ ሰው በዝምታዬ ከሞተ በኋላ ምን ይዞኝ ነበር? አሁን ብናገር የሱም ሞት ይታከልብኛል ብዬ ነው። አየህ፣ ዝምታ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ያልተናገርኸው ለነገ ይበልጥ ይከብዳል፣ አንተም ክብደቱን ምክንያት ታደርገዋለህ።

ጥር ላይ ፈንታሁን ደግሞ መጣ። «እመት የሺ ራሷ ልትወርድ ነው» አለኝ። «ባሌም ልጄም በዚያ ናቸው፣ እኔ እዚህ ምን አለኝ ብላ ላሟን ሸጠች።»

በማግሥቱ ሄድሁ። ለዚህ እንኳ አታመስግነኝ። ሁለተኛ ሬሳ መሸከም ስላቃተኝ ነው።

እቤቷ አገኘኋት። ከስታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ የስንቅ ጆንያ እየሰፋች ነበር። ብረቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥሁላትና ነገርኋት። ወንዙን፣ ሐጂን፣ የራጅ ፎቶውን። አላለቀሰችም። ቀዳዳዎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ጎበጥ ያለውን በኩል ገለበጠችና ብዙ አየችው።

«ይኸስ የሐኪም ነው» አለች። «የልጄስ የቱ ነው?»

መልሱን አውቀው ነበር። ደጄ ላይ ነበር። የሐጂ ዶሮዎች የሚጭሩት መሬት ላይ ነበር። «ወንዙ ወሰደው እመት» አልኋት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንዲሁ ሰው ነገር እንደሚያጣራው።

«መቼ ነው ያወቁት?»

ሰኔ። አንዲት ቃል ናት። ሰኔ ብል ያለቀ ነበር፤ ልትረግመኝ ትችል ነበር፣ ልትገድለኝም ትችል ነበር፣ ግን ያለቀ ነበር።

«ትናንት» አልሁ። «ወዳጄ ፎቶውን ያሳየኝ ትናንት ነው።»

እጇን ዘረጋች፤ ልትመታኝ መስሎኝ ነበር። እጄን ያዘችው። «ምነው ቀደም ብለው ባወቁት! ምትኩዬ ባልወረደ» አለችና ያኔ አለቀሰች። ልቅሶዋ ሲበርድ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «አንቱ ምን ያርጉ። እንዳወቁ ሳያድሩ መጡልኝ። በዚህ ዕድሜዎ ይህን ገደል ወጡልኝ። እግዜር እንደርስዎ ያለ ሰው ያብዛልን» አለችኝ።

አሜን አልሁ።

መንደሩ ወንዙን ሁለት ቀን ፈለገ፤ ፈንታሁንም ማሽኑን ይዞ መጣ። ከአንዲት የላስቲክ ጫማ በቀር አልተገኘም። ብረቱን ገንዘው፣ ፍትሐት አስፈትተው ቀበሩት። ለልጅና ለአባት አንድ ላይ ተዝካር ሲወጣ ጠሩኝ። ሄድሁ። ከካህናቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «ይህ ሰው አገር አቋርጦ ሙታችንን ያገኘልን፣ አዋቂ ሰው ነው» ብሎ መረቀኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አሜን አለ። ታምነኛለህ? አዋቂ ሲሉኝ፣ እዚያ መካከል፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ያን ደስታ የት አባቴ ልውሰደው? ምን ዓይነት ልብ ነው ይህ? ከሠራሁት ሁሉ ያችን አፍታ ሳስብ ነው ግድግዳ የምነክስ።

እመት የሺ ዛሬም አለች። ቆላ አልወረደችም። ፈንታሁን ከተማ በመጣ ቁጥር ከእርሻዋ ገብስ የፈጨችውን በሶ በቋጠሮ ትልክልኛለች፤ ከምርቃት ጋር። አልበላሁትም። መጣልም አልቻልሁም። ቋጠሮዎቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ ነቀዝ ገብቶባቸዋል። ሁለት ጊዜ ልነግራት ተነሥቼ አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ድረስ ደርሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከመኪናው ወርጄ፣ በሚመለሰው መኪና ተመልሻለሁ። አንዱን ጊዜ እንዲያውም የሹፌሩን ሬዲዮ ጠግኜለት በነጻ መለሰኝ፤ እኔም መንገዱን ሁሉ ስለ ሬዲዮ አወራሁለት።

ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁት። አሁን ብነግራት ለማን ይጠቅማል? ሰላም አግኝታለች፣ በዓለም ላይ አንድ ደግ ሰው አለ ብላ ታምናለች፣ ለምን ይህን እወስድባታለሁ? እንዲህ እላለሁ። ከዚያ ድምፁን አውቀዋለሁ። በክረምት «ብትጠብቅ ይሻላታል» ያለኝ ያው ድምፅ ነው። ደግ መስሎ የሚመጣ፣ የሚጠብቀው ግን እኔን ብቻ ነው። ምርቃቷ የኔ አይደለም፤ ሰርቄዋለሁ። ሰርቄ እየኖርሁበት ነው።

ስጀምር ለማላውቅህ ለአንተ ነበር የጻፍሁት፤ እዚህ ስደርስ ግን ለሷ መድረስ እንዳለበት ገባኝ። ፈንታሁን ማንበብ ይችላል። ቅዳሜ ሲመጣ እሰጠዋለሁ፤ ወስዶ ያነብላታል። ፊት ለፊት ቆሜ ልነግራት አልቻልሁም፤ ይህም ፍርሃት ነው፤ ይህንም እሱው ያንብብላት። ዕድሜዬን፣ አለመማሬን፣ የጎንደርን ኖራ ምክንያት አላደርግም። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው የሚመለስለት ነገር ይጠብቃል፤ እኔ ምን ይመለስልኛል፣ ለሷስ ማን ይመለስላታል?

እመት የሺ፣ ሳላድር አልመጣሁም። ከሰኔ እስከ ጥር አድሬያለሁ። አያ ምትኩ ቆላ ሲወርድ አውቅ ነበር።